ዝናቡ አልቀነሰም፣ አባትህም አልተሳሳቱም

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ምሥራቅ በለሳ ናቸው። አባቴ ግማሽ ሄክታር ገደማ ያርሳል። ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ከሳተላይት የተሠራ የዝናብ መረጃ አግኝቼ ሳየው፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው መስመር እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ከረመና ነሐሴ ላይ በአንድ ሌሊት የወረደው ጎርፍ እርከኑን ንዶ ጤፉን ይዞት ሄደ። ታዲያ ዝናቡ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ዛፉ ስላለቀ ነው የሚሉም አሉ። ብድር ወስደን ኩሬ እንቆፍር ወይስ ዘር እንቀይር?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ ጥያቄውን እናስተካክል። ሁለታችሁን ያጣላችሁ «ጨምሯል ወይስ ቀንሷል» የሚለው አጠያየቅ ራሱ ነው። አንተ የምታየው የዓመቱን ድምር ነው። አባትህ የሚያዩት ሰብላቸው ያገኘውን ውሃ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ አባትህን በስልክህ ለመሞገት አትሞክር፤ የስልኩንም መረጃ ውሸት ነው ብለህ አትጣለው።

በቀላል ቁጥር ላሳይህ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በአባትህ ግማሽ ሄክታር ላይ 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300,000 ሊትር ይሆናል። ይህ 60 ሚሊ ሜትር በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ አሥር አሥር እያለ ቢወርድ አፈሩ አብዛኛውን ይጠጣዋል፣ ጤፉም ቀና ብሎ ይቆማል። ያው 60 ሚሊ ሜትር በአንድ ሌሊት፣ ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢወርድ ግን ስስና ድንጋያማ የሆነ መሬት ሊጠጣ የሚችለው ጥቂቱን ነው። የቀረው ለም አፈሩን ጭምር ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ደረቅ ቀን ይከተላል። ስልክህ ሁለቱንም 60 ብሎ ይመዘግባቸዋል። ለአባትህ ግን አንደኛው እንጀራ ነው፣ ሌላኛው ጎርፍና ድርቅ በአንድ ላይ። ለዚህ ነው እኛ ስለ ክረምት ስናወራ መጠኑን ብቻ የማንጠቅሰው፤ መቼ ገባ፣ መሐል ላይ ስንት ቀን ተቋረጠ፣ በምን ኃይል ወረደ፣ መቼ ወጣ ብለን እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች በድምሩ ላይ ግልጽ የሆነ የረጅም ጊዜ መቀነስ አላገኙም። አንዱ ዓመት ከሌላው በጣም ይለያያል፣ መስመሩ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘምበል አይልም። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት ቀንሷል፤ ሬዲዮ ላይ «የኢትዮጵያ ዝናብ እየቀነሰ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚያ ነው። የቦረናን የበልግ ታሪክ ወስደህ በለሳ ላይ ብትለጥፈው ትሳሳታለህ። የእኛ አካባቢ የዓመቱን ዝናብ ከአራት እጅ ሦስቱን ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ የሚያመጣውም ሥርዓት ሌላ ነው።

ስለ ስልክህ መስመር ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ የተማረ ሰውም የሚሳሳትበት ነው። መረጃው የሚጀምረው 1981 እ.ኤ.አ. ላይ ነው። ያ ማለት ከ1977ቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ እጅግ ደረቅ በነበረበት ዘመን መግቢያ ላይ ማለት ነው። ከጉድጓድ ውስጥ የጀመረ መስመር ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ የት ይሄዳል? እነዚያን ዓመታት አውጥተህ መስመሩን እንደገና ብትስለው፣ የምታየው ወደ ላይ መውጣት ሊጠፋ ወይም በጣም ሊያንስ ይችላል። በተቃራኒው ዝናቡ ጥሩ ከነበረበት ከቀደመው ዘመን ብትጀምር መስመሩ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። አባትህ የሚያስታውሱት የልጅነት ክረምት ከ1977 በፊት ከሆነ የእሳቸው መነሻና የስልክህ መነሻ አንድ አይደለም። የመነሻ ዓመቱን ሳይነግርህ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚልህን ሰው፣ ባለሙያም ቢሆን፣ ከየት ጀምረህ ነው ብለህ ጠይቀው።

ሌላው፣ ያ መረጃ የአንድ ሌሊት ጎርፍን ለመያዝ የተሠራ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ዝናቡን ይገምታል፣ መሬት ላይ ባሉ ጣቢያዎችም ይታረማል። አንዱ ነጥብ በእያንዳንዱ ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መሬትን ነው የሚወክለው። የክረምት ዶፍ ደግሞ አንዱን ሸንተረር ደብድቦ ማዶ ያለውን ሳይነካ ማለፉን እዚያ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የአባትህ ማሳ ላይ 80 ሚሊ ሜትር የወረደበት ሌሊት ስልክህ ላይ 25 ተብሎ ቢገኝ አይግረምህ። ለብዙ ዓመታት ድምርና ለንጽጽር ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለድንገተኛ ዶፍ ግን ደካማ ነው።

እስካሁን «አልተረጋገጠም» የሚል ነገር አበዛሁብህ፤ የተረጋገጠውን ደግሞ ልንገርህ። ሙቀቱ ጨምሯል። የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ብሏል፤ ከዚያ ወዲህም አልቆመም። ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስልህ ይችላል፣ ግን አንተ የጠየቅከውን ነገር ሁሉ የሚያያይዘው እሱ ነው።

አየሩን እንደ እንስራ አስበው። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ እንስራው ሰፋ ማለት ነው። የሰፋ እንስራ ሁለት ጠባይ አለው። ለመሙላት ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በደረቁ ቀናት ከአፈሩና ከቅጠሉ ላይ ከበፊቱ በላይ ይመጥጣል። ሞልቶ ሲገለበጥ ደግሞ ከበፊቱ በላይ ያፈሳል። ሐምሌ ላይ ጤፉን ያጠወለገውና ነሐሴ ላይ እርከኑን የናደው ሁለት የተለያየ ቁጣ አይደለም፤ የአንዱ እንስራ ሁለት ጠባይ ነው። ከዚህ ተነስተህ የአባትህን ቃል ተመልከተው። ድምሩ ያው ሆኖ ማሳው ቶሎ ከደረቀ፣ «ዝናቡ ጠፋ» ማለታቸው ለሰብሉ ትክክለኛ መግለጫ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። ያ የነሐሴ ሌሊት ራሱ በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ ነው ብዬ አልፈርምልህም። ድሮም ዶፍ ነበር። በእኛ አካባቢ ጣቢያዎች ላይ የከባድ ዝናብ መዝገብ ሲታይም አንዱ ጣቢያ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል፣ አንዱ ምንም አያሳይም፤ አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም። በዓለም ደረጃ ግን፣ በቂ መረጃ ባለባቸው አብዛኞቹ የየብስ አካባቢዎች ከባድ ዝናብ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እየበረታና እየተደጋገመ መምጣቱን የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (IPCC) በ2021 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ አረጋግጧል። ቀድሞ በአማካይ በ10 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ዶፍ የዓለም ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ በመጨመሩ በዚያው 10 ዓመት ውስጥ በአማካይ 1.3 ጊዜ ያህል ይመጣል ይላል። ጭማሪው 2 ዲግሪ ከደረሰ 1.7 ጊዜ።

«በ10 ዓመት አንዴ» የሚለውም በጣም የሚያሳስት አነጋገር ነው። ሰው «ዘንድሮ መጥቷል፣ እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት አርፈናል» ይላል። ትርጉሙ በየዓመቱ 10 በመቶ የመምጣት ዕድል አለው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጣ ብሎ ለከርሞ የሚተወው የለም። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ያ 10 በመቶ ወደ 13 ከፍ ሲል፣ በ10 ዓመት ውስጥ ያለው ዕድል ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ይህ የዓለም አማካይ እንጂ የበለሳ ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን እርከን የሚሠራ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አስተሳሰብ ነው። ደረቅ አገር ነን ብሎ ጎርፍን መናቅ ምን እንደሚያስከፍል በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ አይተናል። ደረቅ ከተማ ናት፤ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያው ክረምት እዚሁ እኛ ዘንድ ደምቢያና ፎገራ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ስለ ኤልኒኖም ልጨምር፣ ሰው ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ስለሚያደባልቀው። ኤልኒኖ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ነው። ሲመጣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይከሳል፤ ተቃራኒው ላኒና ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠግባል። የ2007 ክረምትና የ2015 ክረምት ሁለቱም የኤልኒኖ ነበሩ፤ ምሥራቅ በለሳም በሁለቱም ተጎድታለች። ይህ ምልልስ ድሮም ነበረ። የተለወጠው፣ የዛሬው ኤልኒኖ ቀድሞውኑ በሞቀ መሬት ላይ መምጣቱ ነው።

ዛፉስ? «ደኑ ስላለቀ ዝናቡ ቀረ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ወደ ተሳሳተ ሥራ ይመራል። የክረምት ዝናባችን እርጥበት የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከአትላንቲክና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርም ጭምር። የበለሳ ተራሮች መራቆት ያንን ንፋስ አያስቆመውም፣ አንድ ኮረብታ ላይ ችግኝ መትከልም ዝናብ አይጠራም። ዛፍ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ትልቅ ሥራቸውን የሚሠሩት ዝናቡ ከወረደ በኋላ ነው። የተራቆተ ቁልቁለት ላይ ጠብታው አፈሩን ይመታዋል፣ ይደፍነዋል፣ ውሃው ሳይሰርግ ይሮጣል። ሣር የለበሰ ቁልቁለት ላይ ይዘገያል፣ ይሰርጋል። ስለዚህ ከእርሻው በላይ ያለውን ኮረብታ ከከብት ከልላችሁ ሣር እንዲያበቅል ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዝናብ ይመጣል ብላችሁ ግን አይደለም፣ ዶፉ ማሳው ላይ ሲደርስ ኃይሉ እንዲሰበር ነው። የጎንደር ከተማ ሰውም ይህን ያውቀዋል፣ የአንገረብ ግድብ ከላይ በሚመጣ ደለል እንዴት እንደተጠቃ አይቷልና።

ወደ እርከኑ እንሂድ፤ ገንዘብና ጉልበት የሚገባው እዚህ ነው። «ጎርፉ እርከኑን ናደው» ብለሃል። እኔ ግን የተናዱ እርከኖችን ሳይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ምክንያት አንድ ነው፦ ከማሳው በላይ የሚመጣው ውሃ አልተቀለበሰም፣ እርከኑም ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በር፣ የለውም። እርከን የተሠራው በማሳው ላይ የወረደውን ዝናብ ለመያዝ ነው። ከላይ ካለው ኮረብታ የሚመጣው ሲጨመርበት የተሠራበትን ልክ ያልፋል። የመጀመሪያው እርከን ይሞላና በደካማ ጎኑ ይሰበራል። የእሱ ውሃ ሁለተኛውን ይሰብራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። እንዲህ ያለው እርከን፣ ጭራሽ እርከን ከሌለው መሬት የባሰ ጉዳት ያመጣል፣ ምክንያቱም ውሃውን አጠራቅሞ በአንዴ ነው የሚለቀው። ቦረቦሩም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፣ በዚህ ላይ አላመነታም። ከማሳው በላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። በውሃ ልክ ተለክቶ በጣም ቀስ ያለ ተዳፋት ይኑረው፤ ቁልቁል ከሮጠ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። የተቀለበሰው ውሃ የሚወርድበት በድንጋይ የተነጠፈ ወይም ሣር የያዘ መፋሰሻ መጀመሪያ ይዘጋጅ፤ መፋሰሻ ሳይኖር ቦዩን ብትቆፍሩ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ማሳ መላካችሁ ነው፣ ከዚያ የሚመጣውን ጠብ አንተም ታውቀዋለህ። በየእርከኑ ላይም በድንጋይ የተጠናከረ ዝቅ ያለ ማስተንፈሻ ይኑር፣ ትርፉ ውሃ በሰላም ይውረድ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከላይና ከታች የሚያርሱት ጎረቤቶች ካልተስማሙ አባትህ ብቻቸውን ቢለፉ ከርሞም ይናዳል። ጊዜው በጋ ነው፣ የተፋሰስ ሥራ በዘመቻ በሚሠራበት በጥርና በየካቲት። ያኔ «እርከን ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ» ከማለት በፊት ውሃው የት ይወጣል ብላችሁ የልማት ሠራተኛውን ጠይቁት።

ሁለተኛው ሥራ ማሳው ራሱ ውሃ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሰብል ቁመቱ መሐል ላይ ሲደርስ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል። ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ አፈር ለሰብል የሚሆን 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢይዝ ነው። አካፍለው፣ ከ10 እስከ 12 ቀን ይሆናል። የሐምሌው ክፍተት 14 ቀን ነበር። ጤፉን ያጠወለጉት ያልተሸፈኑት ከሁለት እስከ አራት ቀናት ናቸው ማለት ነው! ስለዚህ አፈሩ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ጨምሮ እንዲይዝ ብታደርጉ ያንን ክፍተት ያሻግራችኋል። ለማሽላ ማሳ ርካሹ መንገድ፣ በተራ መሐል ያለውን ቦይ በየሁለት ሦስት ሜትሩ በአፈር መዝጋት ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ቦይ ትንሽ ገንዳ ትሆናለች፣ የወረደው ዝናብ እዚያው ይሰርጋል። ገንዘብ አያስወጣም፣ ዶማና ጉልበት ብቻ ነው። ሆኖም ዋልካ አፈር ላይ ይህን እንዳትሞክሩት፤ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። ለጤፍም አይሆንም፣ ጤፍ የሚዘራው በለሰለሰ ሜዳ ላይ ስለሆነ። ለጤፉ የሚሆነው ቅድም ያልኩት ማስተንፈሻ ያለው እርከን፣ ከዚያ ፍግና ኮምፖስት ነው። ፍግ ያለበት አፈር ውሃ ይይዛል። ኩበቱ ሁሉ ለማገዶ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ሌላ ማገዶ በሌለበት ቤት ይህን መጠየቅ ከባድ ነው። ቢያንስ የበረቱን ጥራጊና አመዱን አትጣሉት።

ሦስተኛው ዘር ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባል የለ? ለደጋው ሰው ትንሽ የተጋነነ ነው፣ ለደረቁ ቆላ ግን እውነትነቱ ይበዛል። ክረምቱ በሐምሌ መግቢያ ረግቶ ገብቶ እስከ መስከረም መባቻ ቢቆይ 65 ቀን ነው። ድሮ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ይዘራ የነበረውን፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆየውን ረጅም ማሽላ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማድረስ አይቻልም። ቶሎ የሚደርሱት እንደ መልካም ያሉት የማሽላ ዝርያዎች 4 ወር ገደማ ይበቃቸዋል፤ ማሽላ ድርቅን መታገስ ስለሚችልም ቀሪውን ጊዜ አፈር ውስጥ ባለው እርጥበት ይጨርሳል። መሬታችሁ አቀንጭራ የሚባለው የሰብል ሥር የሚመጥ አረም የሚያጠቃው ከሆነ ጎቢዬ ወይም አብሽር የሚባሉት ይቋቋሙታል። ከጤፍ ደግሞ ጸደይና ቦሰት በ3 ወር አካባቢ ይደርሳሉ። ቁንጮ ጥሩ ዘር ነው፣ ግን ዝናብ ለሚበቃው አገር ነው፤ ጎንደር ገበያ ላይ ነጭነቱን አይተው ገዝተው ወደ ቆላ የሚወስዱ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ። ግማሽ ሄክታሩን በሙሉ ጤፍ አታልብሱት። ከፊሉን ማሽላ አድርጉት። ጤፍ ገንዘብ ነው፣ ማሽላ ደግሞ ክፉ ዓመት ሲመጣ የሚበላ ነው።

የመዝሪያውን ቀን በሚመለከትም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ብዙ ጊዜ ያታልላል። እኛ ክረምት ገባ የምንለው በተከታታይ ሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲገኝና በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ከ9 ቀን የበለጠ መቋረጥ ሳይኖር ሲቀር ነው። ሁለተኛውን ክፍል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን አትዝሩት፤ ከፊሉን አስቀሩ። ዩሪያውንም ዝናቡ እስኪረጋ አቆዩት።

አሁን ኩሬው። ብድር ወስዳችሁ ኩሬ መቆፈርን አልመክርም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ቆፈራችሁ እንበል፣ ቀላል ቁፋሮ አይደለም። ያ ውሃ በግማሽ ሄክታር ላይ ቢዳረስ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሆነው። አንድ ጊዜ ማጠጣት ማለት ነው፣ ያውም አንድም ጠብታ ካልሰረገና ካልተነነ። ፀሐዩ ከኩሬው ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ጂኦሜምብሬን የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ካልተነጠፈበት ደግሞ ብዙው ወደ ታች ይሰርጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልሉ በዘመቻ ከተቆፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ ባዶ ጉድጓድ ሆነው የቀሩት በዚህ ነው፤ አፈሩ ሳይታይ፣ ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳይታሰብ ተቆፍረው። ኩሬ ትርጉም የሚኖረው ለጓሮ ነው። ያው 100 ሜትር ኩብ ለ500 ካሬ ሜትር ጓሮ ሲሆን 200 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ሽንኩርትና ጎመን ለማብቀል ቁም ነገር ነው። ቤተሰቡ ጓሮ የሚያለማ ሰው ካለው፣ ጂኦሜምብሬኑ በድጎማ ከተገኘ፣ ያኔ ይቆፈር። ሲቆፈር ግን ይታጠር። ሕፃናትና ጥጃዎች ይገቡበታል። የላስቲክ ዳሩ ያሟልጫል፣ የገባ ልጅ መውጣት አይችልም። ቆላ ስለሆነም የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ይሸፈን።

ስለ ትንበያውም አንድ ቃል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን አዝማሚያ ግንቦት ላይ ያወጣል። የሚነገረው በሦስት ክፍል ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለአካባቢያችሁ «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ቢባል ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም፤ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ አሁንም 55 በመቶ ነው። እንደዚያ ሲባል ግን የማሽላውን ድርሻ ከፍ አድርጉ፣ ለማዳበሪያ አትበደሩ፣ ከብት የምትሸጡ ከሆነ ዋጋው ሳይወድቅ ሽጡ። ኤልኒኖ ተነስቷል ከተባለ ደግሞ ይህን ያለ ማመንታት አድርጉት። አዝማሚያው ለትልቅ አካባቢ የተነገረ ስለሆነ የእናንተን ሸንተረር ለይቶ አይነግራችሁም። በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን መረጃም ተከታተልና ለአባትህ ደውልላቸው፣ አንተ ከተማ ላይ መሆንህ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ሥራ ግን በቀጥታ ለአንተ ልስጥህ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ፈልግ፤ አፉና ታችኛው ክፍሉ እኩል ስፋት ያለው ይሁን፣ ወደ ላይ የሚሰፋ ከሆነ ልኬቱ ይሳሳታል። በእንጨት ላይ አስረህ ግልጽ ቦታ ላይ ትከለው፣ ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ርቆ። የትምህርት ቤት ማስመሪያ ስጣቸው። እህት ወይም ወንድም ካለህ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሃውን በሚሊ ሜትር ለክቶ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይድፋው። ያልዘነበበትን ቀንም «0» ብሎ ይጻፍ፣ ዋናው ቁም ነገር እነዚያ ዜሮዎች ናቸው። ከግንቦት 1 ጀምሩ። መስከረም ላይ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ስንት ቀን በተከታታይ እንደተቋረጠና የትልቁ ዶፍ መጠን ስንት እንደነበር አይተን፣ ማስተንፈሻው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት አብረን እናሰላዋለን።